ፋይሉ ያልተዘጋው ደራሲ

በቀደም ዕለት ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሬዲዮ እሰማ ነበር። አንድ ወጣት ደራሲ እንግዳ ሆኖ ቀርቧል። ጠያቂዋ ያላነሳችው ነገር የለም። የድርሰቱ ሐሳብ ከየት እንደሚመጣለት፣ በስንት ሰዓት እንደሚጽፍ፣ በእጁ ይሁን በኮምፒውተር፣ አሳታሚ እንዴት እንዳገኘ፣ በመጨረሻም ቤቱ ውስጥ የሚያሳድገው ድመት ይሁን ውሻ ጠየቀችው። ልጁም ሳይሰለች መለሰ። ድመት አለችው፤ ሊጽፍ ሲቀመጥ እየመጣች ወረቀቱ ላይ ትተኛለች። ሾፌሩ ሳቀ፤ እኛም ተሳፋሪዎቹ ሳቅን።

ከታክሲው ከወረድኩ በኋላ ግን ጥያቄዎቹ አልለቀቁኝም። እነዚህኑ ጥያቄዎች በ1975 ዓ.ም. አንድ ሰው ለበዓሉ ግርማ አቅርቦለት ቢሆን ኖሮ መልሱ ምን ይሆን ነበር እያልኩ መንገዴን ቀጠልኩ። ሐሳቡ የሚመጣለት ከቢሮው ነው። የሚጽፈው መንግሥት በሚተውለት ሰዓት ነው። አሳታሚው ያው መንግሥት ነው። ስለ ድመትና ስለ ውሻ የሚጠይቀው ግን ባልተገኘም ነበር፤ ዘመኑ የደራሲ ድመት የሚጠየቅበት ዘመን አልነበረምና።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ አይደለሁም። ሕግ ተምሬ፣ ጥቂት ዓመታት በጥብቅና ሠርቼ፣ ኋላ ወደ ጋዜጣ ብቅ ያልኩ ሰው ነኝ። ስለ በዓሉ ግርማ ልጽፍ የተነሳሁት ሥራዎቹን ለመተንተን ሳይሆን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የተወለድኩባት ሮቢት ናት። ሁለተኛው ደግሞ መሳቢያዬ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የተኛ፣ ፊርማ ያላረፈበት አንድ ማመልከቻ ነው።

ሮቢት ስል የሸዋውን ሮቢት ማለቴ አይደለም፤ ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲሄዱ ቆቦ ሳይደርሱ የሚገኘውን የራያውን ሮቢት ነው። ዋናው መንገድ ከተማችንን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። መንገዱ ወደ ሰሜን ቆቦን፣ አላማጣን፣ ኮረምንና ማይጨውን እያለ መቀሌ ይገባል፤ ከዚያም አስመራ ይደርሳል። እኛ የሮቢት ልጆች አገራችን ምን ላይ እንዳለች የምናውቀው ከሬዲዮ ይልቅ ከመንገዱ ነበር። ድርቅ ሲመጣ ሰው ወደ መንገዱ ይወርዳል። ጦርነት ሲመጣ መንገዱ በወታደር መኪና ይሞላል።

በ1974 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ማሽላው እሸት ነበር። በኦራል መኪና ተጭነው ወደ ሰሜን የሚሄዱ ወታደሮች ከተማችን ሲቆሙ እየሮጥን እሸት እንሸጥላቸዋለን፤ ውኃ እንቀዳላቸዋለን። ይዘፍናሉ፤ ይቀልዳሉ፤ አንዳንዱም ሳንቲሙን ሲሰጠን የእኛን ዕድሜ የሚያህል ታናሽ ወንድም እንዳለው ይነግረናል። የት እንደሚሄዱ አናውቅም ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ አስመራ ውስጥ የቀይ ኮከብ ሁለገብ ዘመቻ ታወጀ። ዓላማው ናቅፋን ይዞ የሰሜኑን ጦርነት በአንድ ዘመቻ መጨረስ ነበር። ናቅፋ አልተያዘችም። ከእነዚያ ወታደሮች ስንቶቹ በዚያው መንገድ እንደ ተመለሱ እኛ ልጆቹ አልቆጠርንም፤ ሲመለሱ ግን የሚዘፍን አልነበረም።

በዚያ ዘመቻ ሰሞን አስመራ ከገቡት የመንግሥት ሰዎች አንዱ በዓሉ ግርማ ነበር። የያዘው ጠመንጃ ሳይሆን የዘመቻውን የቅስቀሳ ሥራ ነው። እኛ ከመንገዱ ዳር ያየነውን ነገር መጨረሻ እሱ እዚያው ሆኖ አየ።

እንግዲህ ሰውዬው ማን ነበር?

በዓሉ የተወለደው በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኢሉባቦር፣ ሱጴ በምትባል ቦታ ነው። አባቱ ከህንድ የመጣ ነጋዴ፣ እናቱ የዚያው አገር ሰው ነበሩ። ገና ልጅ ሳለ አዲስ አበባ መጥቶ በልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በጄኔራል ዊንጌት ተማረ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስና ጋዜጠኝነት ሲያጠና የተማሪዎች ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። ከዚያም አሜሪካ ተሻግሮ ከሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የማስትሬት ዲግሪውን ያዘ። ከሱጴ የተነሳ ልጅ ለዚህ መብቃቱ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

ሲመለስ የገባው ጋዜጠኝነት ውስጥ ነው። መነን መጽሔት፣ አዲስ ሪፖርተር፣ አዲስ ዘመን፣ ኢትዮጵያን ሄራልድ፤ የዘመኑ ዋና ዋና የኅትመት ውጤቶች በሙሉ በእጁ አልፈዋል ማለት ይቻላል። ኋላም ወደ ኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት ተዛወረ፤ በመጨረሻ የማስታወቂያና መርሐ ብሔር ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆነ። ቋሚ ተጠሪ ማለት ከሚኒስትሩ ቀጥሎ ያለ ሥልጣን ነው። ጋዜጣው፣ ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ የሚታዘዘው ከዚያ ነው። በዚያ ዘመን ማንኛውም መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት የሚነበበውና የሚፈቀደው ወይም የሚከለከለው በዚሁ መሥሪያ ቤት ሥር ባለው የሳንሱር ክፍል ነበር። አንባቢ ይህችን ነገር ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የበዓሉ የዕለት ኑሮ ከሁለት ተከፍሎ ነበር። ቀን ቀን የመንግሥት ቃል አሰናጅ ነው። ከቢሮ መልስ ደግሞ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው። ባለቤትና ሦስት ልጆች ያሉት የቤተሰብ አባወራ ነው። በእነዚህ ሁሉ መካከል በ13 ዓመት ውስጥ ስድስት መጻሕፍት አሳትሟል፤ ከአድማስ ባሻገር በ1962፣ የኅሊና ደወል በ1966፣ የቀይ ኮከብ ጥሪና ደራሲው በ1972፣ ሐዲስና ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም.። መደበኛ ሥራ እየሠራ አንዲት መጽሐፍ ለመጨረስ አሥር ዓመት የፈጀበት ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ምን እንደሚሰማው እኔ ልንገራችሁ፤ ያፍራል። የእኔዋ እስካሁን አላለቀችም።

ሐሳቡን ከየት ነው የሚያመጣው ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጧል። በዓሉ የሚጽፈው የሚያውቀውን ነው። የመጀመሪያው ልብ ወለዱ ዋና ሰው አበራ ወርቁ ቢሮ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ነፍሱ ግን ሥዕል ላይ ያለች ሰው ነው፤ ደመወዙ ወደ አንድ በኩል፣ ልቡ ወደ ሌላው ይጎትቱታል። ደራሲው ዘመኑ ሲጽፈው የነበረውም ራሱ በዚያው ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ነው። ሐዲስ የተባለው መጽሐፍ ታሪኩን የሚያካሂደው የትውልድ ቦታው በሆነችው በሱጴ ነው። ደራሲው የተሰኘው ደግሞ ሲራክ የተባለን ጸሐፊ ሕይወት ይዞ ይነሳል፤ ሲራክ ከድርሰቱ ጋር፣ ከኑሮው ጋር፣ ከራሱ ጋር ሲታገል እናያለን። ሲራክን ያነበበ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ስብሐት ገብረእግዚአብሔርን ያስታውሳል፤ የበዓሉ የሥራ ባልደረባና ጓደኛ ነበርና። ዛሬ በሬዲዮ የምንጠይቃቸውን ጥያቄዎች፣ ደራሲ እንዴት ያስባል፣ እንዴት ይኖራል፣ እንዴት ይጽፋል የሚለውን በአማርኛ ልብ ወለድ ሙሉ መጽሐፍ አድርጎ ያቀረበልን በዓሉ ነው።

ሰዎችን ከሕይወት አንስቶ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ልማዱ ነበር። ጓደኛን እንዲህ አድርጎ መጻፍ ቢበዛ ኩርፊያ ያስከትላል። ባለሥልጣንን እንዲህ አድርጎ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

አስመራ ደርሶ ሲመለስ በዓሉ ሁለት ነገር ይዞ ተመልሷል። አንዱ መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገው ዘገባ ነው። ሌላው ኦሮማይ ነው። ኦሮማይ ኤርትራ ውስጥ ሰው ነገር ሲያከትም የሚለው ቃል ነው፤ በቃ፣ አበቃለት እንደማለት። መጽሐፉ ጸጋዬ ኃይለማርያም የተባለ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ከዘመቻው የቅስቀሳ ቡድን ጋር አስመራ ሲገባ ይጀምራል። አዲስ አበባ ያስቀመጣት እጮኛ አለችው፤ አስመራ ላይ ደግሞ ፊያሜታን ይወዳል። በፍቅሩ መካከል ስለላው፣ ስብሰባው፣ የባለሥልጣኑ ጠባይ፣ በመጨረሻም የናቅፋ ተራራ ላይ የወደቀው ወታደር አለ። የዘመኑ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ እገሌ እኮ እገሌ ነው እያለ ነበር።

መጽሐፉ የታተመው በድብቅ አይደለም። ያሳተመው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የመንግሥት ነበር። ጸሐፊው የመንግሥት ቋሚ ተጠሪ ነበር። የሳንሱር ክፍሉ የተደራጀው እሱ በሚሠራበት ሚኒስቴር ውስጥ ነበር። በሕግ ቋንቋ ስናየው ከዚህ የበለጠ ሕጋዊ መጽሐፍ በዚያ ዘመን ሊኖር አይችልም። መጽሐፉ ገበያ ላይ እንደ ዋለ ግን ከየመደብሩ ተለቅሞ እንዲነሳ ተደረገ። በዓሉም ከሥራው ተባረረ። ክስ አልቀረበበትም፤ የጣሰው አንቀጽ አልተጠቀሰለትም። መጽሐፍ ፈቅዶ ያሳተመ መንግሥት መጽሐፉን መልሶ ሲለቅም ተጠያቂው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ችሎት አልነበረም።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. በዓሉ ግርማ ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። ያሽከረክራት የነበረችው ቮልስዋገን በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። ሰውዬው አልተገኘም። ዕድሜው ገና በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ሮቢት ልመለስ።

ኦሮማይ እኛ ጋ የደረሰው በ1979 ዓ.ም. ነው። አንድ የከባድ መኪና ረዳት ከአዲስ አበባ ጋቢና ውስጥ ደብቆ አመጣው። አሮጌ ጋዜጣ ተለብዶ፣ ሽፋኑ ወልቆ፣ ከብዙ እጅ የተነሳ ገጹ ዳር ዳሩን ወይቦ ነበር። ኪራዩ ለአንድ ሌሊት ነው፤ ጠዋት መኪናው ስለሚነሳ መጽሐፉ መመለስ አለበት። ሦስት ሆነን ገንዘብ አዋጣን። አንደኛው የጎረቤታችን ልጅ ነበር፤ በአራት ዓመት ይበልጠኛል፤ ታላቅ ወንድም ስላልነበረኝ እሱን እንደ ታላቅ ወንድሜ ነበር የማየው። የተሰበሰብነው እነሱ ቤት ነው። እናቱ በሩን ከውስጥ ቆልፈው፣ ቡና አፍልተው፣ ምን እንደምናነብ ሳይጠይቁን ጓዳ ገብተው ተኙ። የተከለከለ መጽሐፍ ይዞ መገኘት በዚያ ጊዜ፣ በዚያ ቦታ የቀልድ ነገር አልነበረም።

መብራት የለም፤ ያለን ኩራዝ ነው። ኩራዝ ያሳተመውን መጽሐፍ በኩራዝ ስናነብ አደርን ብሎ ወንድሜ እየሳቀ ሲያወራው ሰንብቷል። እሱ ያነባል፤ እኛ እንሰማለን። ድምፁ ሲዘጋ አንዳችን እንተካዋለን። ስለ ናቅፋ የሚያወራው ቦታ ላይ ስንደርስ እሸት የሸጥንላቸው ወታደሮች ትዝ አሉኝ። የሦስታችንም ወሬ ቆመ። ውጪ ውሻው ሲጮህ ሁላችንም ወደ በሩ ዞር አልን፤ መንገደኛ ነበር፤ አለፈ። የመጨረሻዎቹን ገጾች የጨረስነው በማለዳው ብርሃን፣ በሩ ሥር ተቀምጠን ነው።

በዚያው ዓመት ያ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ። የተላከው ወደ ሰሜን ነው፤ ያነበበልን መጽሐፍ ወደሚያወራበት ግንባር። ጥቂት ደብዳቤ ጻፈ። መጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአቤት ላይ የሆነው ሆነ፤ ናደው ዕዝ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም። ሞተ ብሎ የነገረ የለም፤ ተማረከ ያለም የለም። እናቱ አልለቀሱም፤ ለቅሶ አልተቀመጡም። መርዶ ያልመጣለትን ልጅ ማን ያለቅሳል?

ውሻው ግን ከባድ መኪና ከተማዋ ላይ ሲቆም ሁሌ ወደ መንገዱ ይሮጥ ነበር። ከልጁ ጋር መኪና መቀበል የለመደ ውሻ ነው። እናቱ ከጉርሳቸው እያካፈሉ ለዓመታት አኖሩት። ሲሞት በጓሮ ቀበሩት። ለውሻው መቃብር አለው፤ ለልጁ የለውም ብለው የመንደሩ ሴቶች ሲያዝኑ እሰማ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ደርግ ወደቀ፤ እኔም ሕግ ተምሬ ጨረስኩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለእረፍት ሮቢት ስሄድ የልጁ እህት መጣችብኝ። በወንድሟ ስም የተመራ የቤት ቦታ አለ። ስሙ ካልተዛወረ ልትሠራበት አትችልም። የሕግ ሰው ስለሆንኩ መላ በላት አለችኝ። መላው ቀላል ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 154 ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ያልተሰማ ሰው በፍርድ ቤት የመጥፋት ውሳኔ ሊሰጥበት እንደሚችል ይደነግጋል። ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው ማመልከት ይችላል። ውሳኔው ከተሰጠ የጠፋው ሰው ንብረት ለወራሾቹ ይተላለፋል። አንድ ገጽ ተኩል ማመልከቻ ጻፍኩ፤ በወጉ አስተየብኩት፤ ይዤው እናቱ ጋ ሄድኩ።

ማመልከቻውን አነበብኩላቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ጣታቸውን ለቀለም እንዲያቀርቡ ስጠይቃቸው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ሕጉ ልጅዎን ሞተ አላለም፣ ጠፋ ነው ያለው እያልኩ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ለእሳቸው ልዩነት አልነበረውም። ልጃቸውን የወሰደው መንግሥት ነው፤ የት እንዳደረሰው የሚናገረውም መንግሥት ነው እንጂ እሳቸው በጣታቸው ሊገድሉት አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው የገባኝ፤ እሳቸው ግን ይህን ያህል እንኳ አልተናገሩም። ቡና አፈሉልኝ፤ ስለ እናቴ ጤንነት ጠየቁኝ፤ ጨዋታ ቀየሩ።

በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት አንቀጽ የቱ ላይ እንደሚያበቃ የገባኝ ያን ቀን ነው። ሕጉ ለንብረቱ መልስ አለው። ሰውየው የት ሄደ ለሚለው ግን የለውም። ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ኦሮማይን እንደገና ገዝቼ አነበብኩት፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ ዳግም ታትሞ በነፃ ይሸጥ ነበር። በልጅነቴ ያነበብኩት መጽሐፍ ስለ ጦርነት ነበር። አሁን ሳነበው መጽሐፉ ስለ ጸሐፊው ሆኖብኝ ቁጭ አለ። የናቅፋውን ወታደር የጻፈው ሰው ራሱ እንደ ናቅፋው ወታደር ያለ መርዶ ቀርቷል። ሮቢት ያሉት እናትና አዲስ አበባ ያለው የበዓሉ ቤተሰብ የሚጠብቁት አንድ ዓይነት ወረቀት ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። በዓሉን ቅዱስ ማድረግ አልፈልግም፤ እሱም የሚፈልገው አይመስለኝም። አገሪቱ በቀይ ሽብር ስትታመስ፣ እናቶች በልጆቻቸው አስከሬን ላይ እንዳያለቅሱ ሲከለከሉ፣ የመንግሥት አፍ የነበረው መሥሪያ ቤት ውስጥ ከፍተኛ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር። ደመወዙን በልቷል፤ በመኪናው ሄዷል። የቀን ጽሑፉ መንግሥት የሚፈልገውን ነው የሚለው። ይህን አልፎ የበዓሉን ሕይወት መተረክ አንባቢን መደለል ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነገር ነው። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡ ብዙዎች ነበሩ። ብዙዎች አስመራ ሄደው ያየውን አይተዋል። ቀን ቀን የጻፉትንና ሌሊት የሚያውቁትን ነገር ለየብቻ አስቀምጠው ጡረታ ወጥተዋል። በዓሉ ሁለቱን ለየብቻ ማስቀመጥ አልሆነለትም። የሌሊቱ እውቀት በመጨረሻ የቀኑን ሥራ አሸነፈው። ወንበሩም፣ ደመወዙም፣ ቤተሰቡም እያሉት ነው ያን መጽሐፍ ለኅትመት የሰጠው። ሁላችንም በየመሥሪያ ቤታችን የምንፈርምበት ሪፖርት አለ፤ ከሪፖርቱ ውጪ የምናውቀው ነገርም አለ። ኦሮማይን የማነብ በገባሁ ቁጥር የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው።

ይህ ዕጣ የበዓሉ ብቻ አይደለም። ሩስያዊው ይስሐቅ ባቤል በ1920 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከቀይ ጦር ፈረሰኞች ጋር በጋዜጠኝነት ዘምቶ ያየውን ጻፈ። የጦሩ አዛዥ ቡድዮኒ ስለ ሠራዊቴ እንዲህ ተጻፈ ብሎ ተቆጣ። ባቤል በ1939 ተያዘ፤ በጥር 1940 ተረሸነ። ቤተሰቡ ለዓመታት እውነቱን አልተነገረውም። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ግን ያው የሶቪየት መንግሥት ፋይሉን ከፍቶ ጥፋት እንዳልነበረበት በወረቀት አረጋገጠ። ወረቀቱ ባቤልን አልመለሰውም። ቢሆንም ቤተሰቡ መጠበቁን አቆመ። የእኛው በዓሉ ከተሰወረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያቺ ወረቀት እስከ ዛሬ የለችም።

በበኩላችን ያደረግነው ነገር የለም ማለት አይቻልም። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራን ከአገሪቱ ሕግ ሰረዘ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 አጸናው። የደርግ ባለሥልጣናት ለፍርድ ቀርበዋል፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌሉበት በ1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተብለዋል። በበዓሉ ስም ፋውንዴሽን ተቋቁሟል። ኦሮማይም በ2025 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል። የሱጴው ልጅ መጽሐፍ የሎንዶንና የኒውዮርክ መደብር ገብቷል። የጸሐፊው መቃብር ግን የት እንደሆነ የሚናገር የለም።

የሕግ ሰው ነኝና አንድ አንቀጽ ጠቅሼ ልጨርስ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰብዕና ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ሲዘረዝር በአስገዳጅ ሰውን መሰወርን ይጨምራል። በእነዚህ ወንጀሎች ላይ ክስ ማቅረብ በይርጋ አይታገድም፤ በምሕረት ወይም በይቅርታም አይታለፍም። በቀላል አማርኛ ዘመን ሄደ ተብሎ ፋይሉ አይዘጋም ማለት ነው። የበዓሉ ፋይል በሕግ ዓይን ዛሬም ክፍት ነው። መረጃ ያላቸው ሰዎች እያረጁ፣ እየሞቱም ነው። አንቀጹ አይሞትም፤ ምስክር ግን ይሞታል።

ይህን የምለው ስለ አንድ ደራሲ ብቻ አስቤ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ራያ ቆቦን ሲያዳርስ፣ በ2014 ነሐሴም ተመልሶ ሲመጣ፣ ያ መንገድ እንደገና በወታደር መኪና ተሞልቶ ነበር። ዛሬም በራያ መንደሮች መርዶም ደብዳቤም ያልደረሳቸው እናቶች አሉ። የታወቀ ደራሲ የት እንደ ደረሰ ሳይጠየቅ 40 ዓመት ካለፈ፣ የሮቢትን የገበሬ ልጅ ማን ይጠይቅለታል?

የጎረቤቴ ልጅ እናት አርፈዋል። ማመልከቻው ላይ ሳይፈርሙ ነው ያረፉት። የቤት ቦታው አሁንም በልጁ ስም ነው፤ እህቱም ተወችው። ማመልከቻው መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ከላዩ ላይ ኦሮማይ ተቀምጧል። ባለፈው ወር የቤታችን ድመት መሳቢያው ክፍት ሆኖ አግኝታ ሁለቱም ላይ ተኝታ አገኘኋት። ላባርራት እጄን አነሳሁና ተውኳት።